ማቀዝቀዣ ያለው የላብ ሰርኩሌተር ቴምፕሬቸር ሴቲንግ እንዴት ይስተካከላል፦ ከፈሳሹ እስከ ፒአይዲው በቅደም ተከተል

ጅማ ላይ ላብ የምንሰራ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ደጋግመን እንወድቃለን። ሰርኩሌተሩ (ፈሳሽ አቀዝቅዞ ወይ አሙቆ በሆዝ የሚያዞረው ማሽን) ይከፈታል፣ ወዲያው ሴት ፖይንት (እንዲደርስ የምንፈልገው ዲግሪ) ላይ 5 ይጻፋል፣ ከዛ ማሽኑ ይጮሃል ወይ ከ9 አልወርድ ይላል ወይ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ አልረጋ ይላል፣ ከዛ ደሞ አንዱ ፒአይዲ (ማሽኑ ሙቀቱን የሚቆጣጠርባቸው ሶስት ቁጥሮች) ሜኑ ውስጥ ይገባና ያገኘውን ቁጥር መነካካት ይጀምራል። ሲመሽ "ተበላሽቷል" የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ብዙውን ጊዜ እኮ ምንም አልሆነም፣ ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው። ሴት ፖይንት አምስተኛ ስራ ነው። መጀመሪያ ፈሳሹ ይመረጣል፣ ሊሚቱን ፈሳሹ ይወስነዋል፣ ሊሚቱ ከታሰረ በኋላ ነው ቁጥር የሚጻፈው።

እዚህ የምጽፈው ባዝ (ፈሳሹ ያለበት ገንዳ)፣ ፓምፕ፣ ሂተርና ኮምፕረሰር አንድ ላይ ላለው አይነት ነው። ጁላቦም ይሁን ላውዳ፣ ሁበርም ይሁን ፖሊሳይንስ፣ የበተኑ ስም ይለያያል እንጂ ስራው ያው ነው። ማንዋሉ ከኔ ጋር ከተጋጨ ማንዋሉን ስሙ።

ሳትጀምሩ እነዚህን አጠገባችሁ አድርጉ

ማመሳከሪያ ቴርሞሜትር (የምታምኑት፣ ካሊብሬሽን ወረቀት ያለው ቢሆን ደስ ይላል)፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ለእያንዳንዱ የሆዝ ጫፍ ፋሸታ፣ ፈነል፣ ሊትሩ የሚታወቅ ጀሪካን፣ ሰዓትና ደብተር። ደብተሩን አትናቁት፣ ነባሮቹን ቁጥሮች ሳትጽፉ ምንም እንዳትቀይሩ።

ደረጃ 1፦ ቦታና መብራት

1. ከጀርባው የተለጠፈውን ብረት አንብቡ። 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ካለ ጥሩ። በእርዳታ የመጡ ማሽኖች ላይ 115 ቮልት 60 ኸርዝ የሚል ታገኛላችሁ፣ እሱን ስፒናውን ብቻ ቀይራችሁ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ያኔውኑ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድላችኋል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፣ ስለዚህ ኮምፕረሰሩ 50 ኸርዝ ይችል እንደሆነ ብረቱ ላይ ወይ ማንዋሉ ላይ ሳታረጋግጡ አትሰኩ።

2. ከአዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከመጣ፣ በተለይ ተጋድሞ ከነበረ፣ አቁማችሁ 24 ሰዓት ተዉት። የኮምፕረሰሩ ዘይት መንገድ ላይ ወደ ቱቦዎቹ ስለሚሄድ ወደቦታው እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል።

3. አየር በሚያስገባበትና በሚያስወጣበት በኩል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከላዩ ካርቶን ተጭኖበት የሚቀዘቅዝ ማሽን የለም።

4. ስታብላይዘር ካላችሁ አቅሙን በማሽኑ የዘወትር ዋት ብቻ አትምረጡ። ኮምፕረሰር ሲነሳ ለቅጽበት ከዘወትሩ ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፣ ትንሽ ስታብላይዘር እዛው ላይ ይወድቃል። ዲሌይ (መብራት ሲመጣ አዘግይቶ የሚያስተላልፍ) የሚል በተን ካለው ረጅሙን ምረጡ።

ደረጃ 2፦ ፈሳሹን ምረጡ

አብዛኛው ችግር የሚወለደው እዚህ ነውና ረጋ በሉ።

ከ5 በላይ እስከ 80 ድረስ ለሚሆን ስራ ዲስትልድ ውሃ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ አታድርጉ፣ ሂተሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሰራል፣ ሴንሰሩም ላይ ይጋገራል፣ የተጋገረበት ሴንሰር ደሞ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። እጅግ የተጣራውን ዲአዮናይዝድ ውሃም ብቻውን አታድርጉ፣ ብረት ይበላል።

ለምን 80 አልኩ? ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ምናምን ላይ ናት፣ ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ካታሎጉ "በውሃ እስከ 95" ቢል ለኛ አይሰራም፣ ከ85 በኋላ ትነቱ በጣም ይጨምራል፣ የፓምፑ መግቢያ ጋ አረፋ መፍጠር ይጀምራል፣ ደረጃው ይወርዳል፣ አላርሙ ይጮሃል።

ከ5 በታች ውሃ ብቻውን አይሆንም። "ውሃ የሚረጋው 0 ላይ አይደል፣ 2 ብጽፍ ምን አለበት" የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገርየው ባዙ 2 ዲግሪ ሲሆን የማቀዝቀዣው ኮይል ከዛ በጣም የቀዘቀዘ ነው፣ ውሃው ኮይሉ ላይ በረዶ ይሰራል፣ በረዶው እንደ ብርድ ልብስ ኮይሉን ይሸፍነዋል፣ ከዛ ኮምፕረሰሩ ሳያቆም እየሰራ ባዙ አይቀዘቅዝም። ባሰ ሲል ፓምፑን ይይዘዋል።

ለዛ ግላይኮልና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ኤቲሊን ግላይኮል እኩል ሲቀላቀል የሚረጋው ከዜሮ በታች 37 አካባቢ ነው፣ እናንተ ግን ከዜሮ በታች 20 ላይ ቁሙ፣ ከዛ በኋላ ይወፍርና ፓምፑ ይጨነቃል። የግላይኮል ደንቡ፦ ፈሳሹ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ከሴት ፖይንታችሁ ቢያንስ 10 ዲግሪ በታች ይሁን። የመኪና ራዲያተር ኩላንት ግን አይሆንም፣ ውስጡ ያለው ማሟያ ኬሚካል ፓምፕና ማሸጊያ ያበላሻል።

⚠️ ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ ጣፋጭም ነው። የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ላብ ጽዳት የሚሰሩ እናቶች ባዶ ጠርሙስ ወደቤት ይወስዳሉ፣ ቤት ደሞ ልጅ አለ። ስሙን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፋችሁ ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ።

ኤታኖልን ካልተገደዳችሁ ተዉት። ንጹህ ኤታኖል 13 ዲግሪ አካባቢ ላይ ጀምሮ እሳት የሚቀበል ተን ያወጣል፣ ያ ማለት የጅማ ላብ ክፍል ውስጥ ገና ክዳኑን ስትከፍቱ አለ ማለት ነው። ማሽኑ ለሚቃጠል ፈሳሽ የተፈቀደ መሆኑ ማንዋሉ ላይ ካልተጻፈ ጨርሶ አታስገቡ።

ደረጃ 3፦ ሆዝ ግጠሙ፣ ሙሉ

1. ማሽኑ ከሶኬት ይነቀል።

2. ውጪ የምታገናኙት እቃ (ሮታሪ ኢቫፖሬተር፣ ጃኬት ያለው ቤከር) ካለ ከፓምፑ መውጫ ወደ እቃው መግቢያ፣ ከእቃው መውጫ ወደ ፓምፑ መመለሻ። ኮንደንሰር ላይ ከታች ይግባ ከላይ ይውጣ፣ አየር እንዳይቀር። ውጪ እቃ ከሌለ መውጫውንና መመለሻውን በአጭር ሆዝ አገናኙ ወይም በክዳናቸው ዝጉ፣ ማንዋሉ የትኛውን እንደሚል እዩ።

3. እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ፋሸታ ጥብቅ አድርጉ። በሽቦ አትሰሩት፣ ሲቀዘቅዝ ሆዙ ይጠነክርና ከሽቦው ስር ያንጠባጥባል።

4. ሆዙን አሳጥሩ፣ በስፖንጅ ሸፍኑ። ክረምት ላይ የኛ አየር እርጥብ ነው፣ ያልተሸፈነ ቀዝቃዛ ሆዝ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሶኬት ላይ ውሃ ያንጠባጥባል።

5. ከባዙ አፍ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ሙሉ። ልታሞቁ ከሆነ የበለጠ ቦታ ተዉ፣ 10 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 80 ሲሞቅ 270 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨምራል፣ ግላይኮል ከዛም ይብሳል።

6. ሰክታችሁ ፓምፑን ብቻ አስነሱ። ሆዙና ጃኬቱ ስለሚጠጡ ደረጃው ይወርዳል፣ ጨምሩ። አሁን ፓምፑን አጥፉና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ውጪ ያለው እቃ ከባዙ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ፈሳሹ ተመልሶ ይመጣል፣ ማታ ሰው በሌለበት መብራት ሲሄድ ጠረጴዛውን የሚያጥለቀልቀው ይሄ ነው። ከሞላ ቀንሱና ደረጃውን በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ደረጃ 4፦ ሊሚቶቹን እሰሩ

እዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ ካት ኦፍ ነው፣ ከዋናው ኮንትሮል ተለይቶ የሚሰራ፣ ሲያልፍ ሂተሩንና ፓምፑን ቀጥ የሚያደርግ። ብዙ ማሽን ላይ በካቻቢቴ የሚዞር ትንሽ ጉድጓድ ነው። ሌላው የሴት ፖይንት ሊሚት ነው፣ ሰው ሊጽፍ የሚችለውን ቁጥር የሚወስን። ሁለቱም መሞላት አለባቸው።

1. መጀመሪያ ዩኒቱን እዩ። የክፍሉ ሙቀት 22 ሆኖ ዲስፕለዩ 72 ካለ ማሽኑ ፋራናይት ላይ ነው። ወደ ሴልሺየስ መልሱት። ይሄን ሳያዩ "ሴንሰሩ ሞቷል" ብለው ቴክኒሻን የጠሩ ሰዎች አውቃለሁ።

2. የላይኛው ካት ኦፍ፦ ከምትሰሩበት ትልቁ ቁጥር 5 እስከ 10 ዲግሪ ከፍ አድርጉት። በውሃ እስከ 60 የምትሰሩ ከሆነ 68 ጥሩ ነው። የሚቃጠል ፈሳሽ ከሆነ ደሞ ፈሳሹ እሳት ከሚይዝበት ነጥብ ቢያንስ 25 ዲግሪ በታች መሆን አለበት።

3. የታችኛው ሊሚት፦ ውሃ ከሆነ 5፣ እኩል በእኩል ግላይኮል ከሆነ ከዜሮ በታች 20።

4. የሴት ፖይንት ሊሚቱን ከካት ኦፎቹ ውስጥ አስገቡት፣ በምሳሌያችን ከ5 እስከ 60።

5. ፈትኑት። ይሄን ማንም አያደርገውም፣ እናንተ አድርጉት። ባዙ 22 ላይ እያለ ካት ኦፉን ቀስ እያላችሁ ወደታች አዙሩ፣ 22 አካባቢ ሲደርስ መጮህ አለበት። ካልጮኸ ማሽኑን አትጠቀሙ። ከጮኸ መልሳችሁ 68 ላይ አድርጉና ሪሴት ተጫኑ።

6. የፈሳሽ ደረጃ ጠባቂውን ፍሎት በፕላስቲክ ዘንግ ወደታች ጫን አድርጉት፣ እሱም መጮህ አለበት።

ደረጃ 5፦ አሁን ሴት ፖይንት

1. መጀመሪያ 20 ጻፉ፣ የመጨረሻ ቁጥራችሁን አትጻፉ። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ኢንተር ተጫኑ። ኢንተር ሳይጫኑ ትተው የሚሄዱ ሰዎች ጠዋት መጥተው የድሮውን ቁጥር ያገኙታል።

2. ኩሊንግ የሚለው ሜኑ "ኦቶ" ላይ ይሁን። "ኦፍ" ላይ ከሆነ ኮምፕረሰሩ አይነሳም፣ ማሽኑም ምንም አላርም አይሰጣችሁም።

3. ፓምፑን መሀል ፍጥነት ላይ አድርጉ። ከፍተኛው ፍጥነት ራሱ ሙቀት ይጨምራል።

4. ክዳኑን ዝጉ። ከዛ 20 ላይ ሲረጋ ወደ ትክክለኛው ቁጥር ሂዱ።

"ረጋ" የምለው ቁጥሩ አንዴ ስለደረሰ አይደለም። በየ2 ደቂቃው ጻፉ፣ ለ15 ደቂቃ ከ0.1 በላይ ካልተንቀሳቀሰ ረግቷል። ከዛ በፊት ሳምፕል አታስገቡ።

ደረጃ 6፦ ዲስፕለዩን ከቴርሞሜትር ጋር አመሳክሩ

መጀመሪያ ቴርሞሜትራችሁን በበረዶ ፈትኑት። ከዲስትልድ ውሃ የተሰራ በረዶ አድቅቃችሁ ቴርሞስ ውስጥ ሙሉ፣ ክፍተቱን እንዲሞላው ቀዝቃዛ ዲስትልድ ውሃ ጨምሩ፣ በረዶው ከተንሳፈፈ ውሃው በዝቷል፣ ድፉት። ቴርሞሜትሩን መሀል ላይ 15 ደቂቃ አቆዩ። 0.0 ማንበብ አለበት።

በፈላ ውሃ አታመሳክሩ! "ውሃ ሲፈላ 100 ነው" ብሎ ሰርኩሌተሩ ላይ 6 ዲግሪ ኦፍሴት (ዲስፕለዩን የሚያርም ቁጥር) የሞላ ሰው አጋጥሞኛል፣ ከዛ በኋላ የተሰራው ዳታ ሁሉ ተበላሸ። ጅማ ላይ ውሃ 100 አይደርስም። በረዶ ግን ከፍታው ምንም ያህል አይለውጠውም፣ ለዛ ነው በረዶን የምንመርጠው።

አሁን ቴርሞሜትሩን ባዙ ውስጥ፣ ከማሽኑ ሴንሰር አጠገብ፣ ግድግዳና ኮይል ሳይነካ አስገቡ። ባዙ ረግቶ ዲስፕለዩ 20.0 ሲል ቴርሞሜትሩ 20.4 ካለ ኦፍሴቱ 0.4 ነው። ከሞላችሁ በኋላ ዲስፕለዩ ወደ 20.4 መሄዱን አረጋግጡ፣ ወደ 19.6 ከሄደ ምልክቱ ተገላቢጦሽ የሆነ ማሽን ነው፣ ቀይሩት። ከዛ በምትሰሩበት ቁጥር ላይ ድገሙት፣ 20 ላይ ልክ የሆነ 60 ላይ ልክ ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ ከበለጠ ኦፍሴት አትሙሉ፣ ሴንሰሩን መርምሩ።

ደረጃ 7፦ ኤክስተርናል ፕሮብ (ካላችሁ)

ዲስፕለዩ የሚነግራችሁ የባዙን ነው፣ የሳምፕላችሁን አይደለም። አንድ ሜትር ተኩል ሆዝ አልፎ ጃኬት ውስጥ ገብቶ ብርጭቆውን አልፎ ሳምፕሉ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ ሌላ ነው። ፕሮብ (ሳምፕሉ ውስጥ የሚገባ በሽቦ የተያያዘ ሴንሰር) ያላችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ ግን በጥንቃቄ።

1. ማሽኑን ስታንድ ባይ አድርጋችሁ ፕሮቡን ሰኩ።
2. በመዳፋችሁ ያዙት፣ ቁጥሩ ከፍ ማለት አለበት። ካላለ ሽቦው ተቆርጧል።
3. ሳምፕሉ ውስጥ ጥለቁትና ከስታንድ ጋር እሰሩት። በፕላስተር ብቻ አትለጥፉት፣ ፕላስተር ሲረጥብ ይለቃል።
4. ባዙ ከሳምፕሉ በስንት ዲግሪ እንዲርቅ እንደምትፈቅዱ ሙሉ፣ 20 ለመጀመሪያ ይበቃል።
5. ከዛ ብቻ ሴንሰሩን "ኤክስተርናል" በሉት።

አንዴ 45 ዲግሪ ላይ እየሰራሁ ፕሮቡ ከፍላስኩ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ወድቆ ነበር። ማሽኑ ያነብ የነበረው የክፍሉን 23 ዲግሪ ነው፣ እሱን 45 ለማድረግ ሂተሩን ያለማቋረጥ አነደደው። ካት ኦፉ 58 ላይ ስለነበረ እዛ ላይ ቆመ። ሳምፕሉ ሄደ፣ የሶስት ቀን ስራ ነበር፣ ማሽኑና ክፍሉ ግን ተረፉ። ካት ኦፉ ፋብሪካ ሲወጣ በነበረበት ቢሆን ኖሮ የት እንደሚደርስ ማሰብ አልፈልግም።

ደረጃ 8፦ ፒአይዲ፣ የግድ ከሆነ ብቻ

ከላይ ያለው ሁሉ ተስተካክሎም ቁጥሩ የማይረጋ ከሆነ ብቻ ነው እዚህ የምትገቡት። ነባሮቹን ሶስት ቁጥሮች ደብተር ላይ ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ።

መጀመሪያ ኦቶቲዩን (ማሽኑ ራሱ ቁጥሮቹን የሚፈልግበት) ሞክሩ። ሆዙና እቃው እንደተገጠመ፣ በምትሰሩበት ፈሳሽና ቁጥር አካባቢ። አንድ ሰዓት ወይ ከዛ በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ባዙ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሳምፕል ውስጡ አይኑር፣ ክዳን አትክፈቱ። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን አትጀምሩት፣ መሀል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ነው።

በእጅ ከሆነ አንድ በአንድ። ቁጥሩ ሴት ፖይንቱን እየዞረ የሚወዛወዝ ከሆነ ፕሮፖርሽናል ባንዱን በ20 ፐርሰንት አስፉት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ እዩ። እዚህ ጋ ወጥመድ አለ፦ ኤክስፒ የሚል ማሽን ላይ ባንድ ነው፣ ትልቅ ቁጥር ማለት ለስላሳ ኮንትሮል ነው። ጌይን የሚል ማሽን ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ትልቅ ቁጥር ማለት ሃይለኛ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ከነካችሁ ታባብሱታላችሁ። ሁልጊዜ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወይ ከፍ ብሎ የሚቀር ከሆነ የኢንተግራል ሰዓቱን (ቲኤን) ትንሽ አሳጥሩ። ሶስተኛውን ቁጥር፣ ዲውን (ዴሪቬቲቭ)፣ ተዉት። ከሶስት ሙከራ በኋላ ካልተሻለ ወደ ደብተራችሁ ቁጥር ተመለሱ።

ደረጃ 9፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ያድርግ?

ሜኑው ውስጥ ኦቶ ስታርት የሚል አለ። "ኦን" ካላችሁት መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፣ "ኦፍ" ካላችሁት ስታንድ ባይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የኔ ሃሳብ፦ እያሞቃችሁ ከሆነ፣ የሚቃጠል ነገር ካለ ወይም ሰው በሌለበት የሚያድር ከሆነ ኦፍ። ሳምፕል በቅዝቃዜ ለማቆየት ብቻ ከሆነና ደረጃ 4ን በትክክል ከሰራችሁ ኦን።

መብራት እንደመጣ ኮምፕረሰሩ ወዲያው መነሳት የለበትም፣ ጋዙ ግፊቱን እስኪያስተካክል 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ዲሌይ ያለው ስታብላይዘር ከሌላችሁ መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀሉ፣ መጥቶ 5 ደቂቃ ሲቆይ ሰኩ። ክረምት ላይ ከባድ መብረቅ ከጀመረም እንዲሁ ንቀሉ።

ደረጃ 10፦ ስትጨርሱ

ከ80ም ሆነ ከዜሮ በታች 20 ቀጥታ ማብሪያውን አታጥፉ። ሴት ፖይንቱን 20 በሉት፣ ሲደርስ ስታንድ ባይ፣ ከዛ ዋናው ማብሪያ። ውሃ ከሆነና ሳምንት የማትመለሱ ከሆነ አፍስሱት፣ አረንጓዴ ነገር ይበቅልበታል።

እንዲህ ሲሆን

አልቀዘቅዝ ካለ፦ ኩሊንግ ሜኑው፣ ክዳኑ፣ ከፊት ያለው ፍርግርግ አቧራ፣ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። አቧራው በብሩሽ ይወጣል፣ የኮንደንሰሩን ክንፎች እንዳታጣምሙ። ደሞ ካታሎጉ ላይ ያለው የማቀዝቀዣ ዋት ብዙውን ጊዜ በ20 ዲግሪ የተለካ ነው፣ ወደታች በወረዳችሁ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ትልቅ እቃ አያይዛችሁ ከዜሮ በታች 20 ካልደረሰ ማሽኑ አልተበላሸም፣ አቅሙ ነው።

ቁጥሩ ከተወዛወዘ፦ ፒአይዲ ሳትነኩ በፊት የፈሳሹን ደረጃ፣ የታጠፈ ሆዝ፣ የፓምፑን ፍጥነት፣ ከፈሳሽ ውጪ የቀረ ሴንሰር እዩ።

ሳትጨምሩበት ደረጃው ከፍ ካለ፦ ቀዝቃዛው ባዝ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ነው። ግላይኮሉ እየቀጠነ ስለሆነ ድሮ በረዶ በማይሆንበት ቁጥር ላይ አሁን በረዶ ይሆናል። ክዳኑ በደንብ ይዘጋ፣ ፈሳሹን ቀይሩ።

የፈሳሽ አላርም ከጮኸና ባዙ ሙሉ ከሆነ፦ ፍሎቱ ተጣብቋል ወይም በረዶ ይዞታል። ባዙን ወደ 15 መልሱ፣ ፍሎቱን አጽዱ። አላርሙን ለማፈን ፍሎቱን በክር አትሰሩት፣ ፈሳሹ ሲያልቅ ሂተሩ አየር ውስጥ እንዳይነድ የሚያስቆመው እሱ ነው።

ብሬከሩ ከወደቀ፦ አንዴ መልሱ። ደግሞ ከወደቀ ንቀሉና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ፣ ሶስተኛ አትሞክሩ።